በልግን ስጠብቅ፦ በሐኪም ተራራ ተዳፋት ላይ የሚገኝ የአትክልት ቦታ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 3

ከዛሬ ጀምሮ የበልግ ዝናብ እስኪጥል ድረስ በአትክልት ቦታዬ የምሠራውን፣ የማወጣውን ወጪና የሚበላሽብኝንም ጭምር እዚህ እመዘግባለሁ። ቦታው ከሐረር ከተማ ወጣ ብሎ በሐኪም ተራራ ሰሜናዊ ተዳፋት ላይ ይገኛል፤ ርዝመቱ 26፣ ወርዱ 14 ሜትር ሲሆን በሦስት እርከን የተከፈለ ነው። ላይኛው እርከን ላይ ለቆመ ሰው የጀጎል ግንብና በውስጡ የተጠጋጉት ቤቶች በሙሉ ይታያሉ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ የምትገኝ ስትሆን የእኔ መሬት ከዚያም ጥቂት ከፍ ስለሚል፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ሌሊቶች እጅግ ይበርዳሉ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ሰው ብርዱን በመብል እንዲመክት ነው፤ ችግኝ ግን የሚመክትበት ነገር ከእኔ ካላገኘ ሌላ የለውም።

ዕቅዴ ዝናቡ ሲገባ 300 የቃሪያና 200 የቲማቲም ችግኝ ለተከላ ደርሶ እንዲጠብቀኝ ነው። ለመካከለኛው እርከን ደግሞ ድንች ይዣለሁ። በታችኛው እርከን ጥግ፣ ካቡ ሥር፣ ነፋስ አይነካውም ብዬ የመረጥሁት ላይ 1 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ የችግኝ መደብ አዘጋጅቻለሁ። ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ተደባልቆበታል። የቲማቲሙ ዘር ከተዘራ 19 ቀን ሆኖት ሁለተኛ ቅጠሉን አውጥቷል።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን እንደ ልማዱ የደረቀውን አረምና የቃሪያ አገዳ ሰብስቤ አቃጠልሁ። በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ወዲህ የመጣ ልማድ ነው ይባላል፤ ለእኔ ግን የታመመ አገዳ ከማሳ የሚወጣበት ቀን በመሆኑ ለአትክልተኛም ይጠቅማል። አመዱን አላባከንሁትም፤ በአንድ ጆንያ ለድንቹ አስቀምጫለሁ።

ኅዳር 21

ቲማቲሙ ተመታ።

ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ስደርስ ቅጠሎቹ ቀጥ ብለው ቆመው ነበርና መጀመሪያ ደኅና መሰሉኝ። ቀረብ ብዬ ሳያቸው ግን ጫፋቸው እንደ መስተዋት ያንጸባርቃል፤ በጣቴ ስነካው ጠንካራ ነው፤ ፀጉሮቹ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ተረጭቷል። ፀሐይ እስክትነካቸው ድረስ እንዲሁ ቆዩ። ብርሃኑ ከደረሰባቸው በኋላ ግን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ተልፈስፍሰው የተቀቀለ ጎመን መሰሉ፤ እስከ ቀትር ድረስም ጠቆሩ። ከ200ው የተረፈው 31 ብቻ ነው።

ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። በላይኛው እርከን ላይ ያለ መከለያ የተተከለው ሰላጣና ከጎረቤቴ ማሳ ያለው ጫት ምንም አልሆኑም። ነፋስ የማይደርስበት፣ በካብ የተከበበው የእኔ ጥግ ብቻ ነው የተቃጠለው።

ኅዳር 28

ለመደቡ የላስቲክ ዋሻ ሠራሁለት። ግማሽ ኢንች ጥቁር የውሃ ቱቦ በ2 ሜትር ቆራርጬ፣ ጫፎቹን በተተከሉ አጫጭር ብረቶች ላይ ሰክቼ፣ በየ80 ሳንቲ ሜትሩ ቅስት አድርጌ አቆምሁት። ነጭ ላስቲክ 8 ሜትር በ140 ብር ሒሳብ 1,120 ብር፣ ቱቦ 640 ብር፣ ብረት ከቤት፤ በድምሩ 1,760 ብር ወጥቷል። ሁለት ቴርሞሜትርም በ900 ብር ገዛሁ፤ ከሁሉ በፊት መግዛት የነበረብኝ እነርሱን ነበር፤ እስካሁን ብርዱን ስለካ የኖርሁት በገዛ እጄ ነበርና።

ላስቲኩን በወጠርሁ በሦስተኛው ቀን ስሕተቴ ታየኝ። ዋሻው ዝቅ ብሎ ስለተሠራ ረዣዥሞቹ ችግኞች ጫፋቸው ላስቲኩን ይነካል፤ የነካው ቅጠል ሁሉ ሌሊቱን ውጭ እንዳደረ ሆኖ ተቃጥሏል። ላስቲክ ራሱ እንደ ውጭው አየር ስለሚቀዘቅዝ፣ ከሥሩም ጤዛ ስለሚንጠባጠብ፣ በቅጠሉና በላስቲኩ መካከል ቢያንስ አንድ ጋት አየር መኖር አለበት። ቅስቶቹን ወደ ላይ ስቤ ከፍታውን ከ45 ወደ 70 ሳንቲ ሜትር አሳደግሁት። ቀን ቀን ደግሞ ሁለቱንም ጫፍ መክፈት ግዴታ ነው፤ ትናንት ረስቼው እኩለ ቀን ላይ ውስጡ 43 ዲግሪ ደርሶ አገኘሁት።

ታኅሣሥ 5

ከዋሻው ውጭ ባለው የጥቅል ጎመን መደብ ላይ የማሽላ አገዳና ገለባ ወፍራም አድርጌ ጎዘጎዝሁ። አሳቤ አፈሩ እንዲሞቅ ነበር። ለውሃ ቁጠባ ጉዝጓዙ እውነትም ጥሩ ነው፤ ለብርድ ግን በተቃራኒው ሠራ። አፈር ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ እየተነፈሰ በአጠገቡ ያለውን ቅጠል ያሞቃል። ገለባው ግን ሙቀቱን ቀን እንዳይገባ፣ ሌሊት እንዳይወጣ ከልክሎ ሥሩን ሲጠብቅ ቅጠሉን ለብርድ ይሰጠዋል። በሁለቱ ቴርሞሜትሮች ጎን ለጎን አረጋገጥሁት፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ሲለካ የተጎዘጎዘው መደብ ንጋት ላይ 2.5፣ ያልተጎዘጎዘውና ከቀትር በኋላ ውሃ የጠጣው መደብ 4 ዲግሪ አነበበ። ለጊዜው ገለባውን ወደ መተላለፊያው ጠርጌ፣ መደቡን በየሦስት ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጠጣዋለሁ። እርጥብ አፈር ከደረቁ የበለጠ ሙቀት ስለሚይዝ ለሌሊቱ ስንቅ ይሆነዋል። ገለባው ብርዱ ሲያልፍ ይመለሳል።

ታኅሣሥ 12

ዛሬ ፀሐይ ወደ ደቡብ የምትሄድበት መጨረሻ ነው። በእኛ አገር የቀኑ ርዝመት በዓመት ውስጥ የሚለዋወጠው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ የእኔ ቦታ ግን በተራራው ሰሜን ስለሆነ ልዩነቱ ይሰማዋል። በዚህ ወር ፀሐይ የምትወጣው ከደቡብ ምሥራቅ በመሆኑ የተራራው ትከሻ ይከልላታል፤ ወደ ታችኛው እርከን ብርሃን የሚደርሰው ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ከሩቅ ሳይ የጀጎል ጣሪያዎች ሁሉ አብርተው፣ የኤረር ሸለቆም ነጭ ሆኖ፣ እኔ ገና በጥላ ውስጥ እጄን እያሟሸሁ እቆማለሁ።

በትክክል ሁለት ሰዓት ላይ የጥላው ጠርዝ ባረፈበት በላይኛው እርከን ላይ አንድ ነጭ ድንጋይ አስቀመጥሁ። በየሳምንቱ ቅዳሜ በዚያው ሰዓት እመለከተዋለሁ። በልግ መቼ እንደሚመጣ ድንጋይ አይነግረኝም፤ ቢሆንም ፀሐይ ወደ እኔ መመለሷን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። የአየር ትንበያው በቀን ሁለት ጊዜ ይነገራል፤ እኔ ግን ከእርሱ ይልቅ ይህን ድንጋይ ለማየት እቸኩላለሁ።

ታኅሣሥ 20

ከኅዳር ጀምሮ ያልገባኝ ነገር ዛሬ ተፈታ።

አንዱን ቴርሞሜትር በላይኛው እርከን፣ ሌላውን በታችኛው ጥግ አቁሜ ለስድስት ሌሊት በ11 ሰዓት ተኩል ላይ አነበብሁ። ላይኛው በአማካይ 6፣ ታችኛው 2 ዲግሪ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ከፍታ ግን ከአምስት ሜትር አይበልጥም። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ይበርዳል የሚለው ትምህርት ለቀንና ለነፋሻ ሌሊት ይሠራል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ሲጠፋ ግን መሬቱ ያቀዘቀዘው አየር ከላይኛው ስለሚከብድ እንደ ውሃ ተዳፋቱን ተከትሎ ይወርዳል፤ ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝም ይተኛል። ቅጠል ደግሞ በጠራ ሰማይ ሥር ከአየሩም ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ፣ ቴርሞሜትሩ 2 ሲል ቅጠሉ ላይ ውርጭ ሊጥል ይችላል። ታዲያ የእኔ ጥግ ከላይ የሚወርደውን ብርድ ሁሉ የሚያጠራቅም ኩሬ ነበር፤ ግድቡም ያ ነፋስ ይከላከላል ብዬ ያመንሁበት ካብ ነው።

የላይኛው ጫት ባለቤት የሆኑት አዛውንት ጎረቤቴ ቴርሞሜትሩን ይዤ ስመላለስ አይተው መጡ። ነገሩን ሳስረዳቸው ካቡን በከዘራቸው ነካ አድርገው፣ «ልጄ፣ ብርዱን አጥረህ ይዘኸዋል፤ መውጫ ስጠው እንጂ» አሉኝ። «ኦቦ፣ ይህን ያውቁ ነበር?» ብላቸው፣ አባታቸው በሸለቆው አፍ ላይ ጫት እንዳይተከል ይከለክሉ እንደነበረ ነገሩኝ። በቦና፣ ማለትም በበጋ፣ ሌሊቶች ውርጭ የሚሄድበት መንገድ አለው፤ ከመንገዱ ላይ አትቆምም ይሉ ነበር። እኔ በቁጥር ለማወቅ አንድ ወር ፈጀብኝ።

ታኅሣሥ 24

ካቡን ሁለት ቦታ ላይ፣ እያንዳንዱ 1.5 ሜትር ስፋት እንዲኖረው አድርጌ እስከ መሬት ድረስ ከፈትሁት። ካብ ማፍረስ ከመገንባት ይከብዳል፤ ድንጋዩ ለዓመታት በአፈርና በሥር ተያይዟል። ዶማ፣ መቆፈሪያና አንድ የቀን ሠራተኛ ለአንድ ቀን ተኩል ፈጀ፤ 750 ብር ከፈልሁ። የወጣውን ድንጋይ ለመካከለኛው እርከን ጥገና አዋልሁት።

በማግሥቱ ንጋት ታችኛው ጥግ 4.5 ዲግሪ አነበበ። ላይኛው 6.5 ነበር። ልዩነቱ ከአራት ወደ ሁለት ወረደ፤ ላስቲክ በ1,760 ብር ያልሰጠኝን መውጫ ሰጠኝ። ከዋሻው ውስጥ በጥቁር ቀለም የተቀቡ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ውሃ ሞልቼ ደረደርሁ፤ ቀን ይሞቃሉ፣ ሌሊት ሙቀቱን ይመልሳሉ። እነርሱም አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ጨምረዋል።

አንዳንድ ሰው ሌሊት እርጥብ ቅጠል አቃጥሎ ጭስ ማድረግን ይመክራል። ሁለት ሌሊት ሞክሬዋለሁ። ጭሱ ወዲያው በመውጫው በኩል ወደ ታች ፈሰሰ፤ ቴርሞሜትሩም አልተነቃነቀም። የብርዱን መንገድ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ጊዜ ነው፤ እንደ ነጠላ ተዘርግቶ፣ ከጉልበት ሳያልፍ፣ ቀስ እያለ ይወርድ ነበር።

ጥር 2

ቃሪያው አልበቀለም። ታኅሣሥ 8 የተዘራ ዘር 24 ቀን አልፎት ከ300ው የወጣው 14 ነው። አፈሩን ስለካው ጠዋት 12፣ ከቀትር በኋላ 18 ዲግሪ ነው። የቃሪያ ዘር አፈሩ 25 ዲግሪ ሲሆን በ8 ቀን፣ 15 ዲግሪ ሲሆን በ25 ቀን ያህል ይበቅላል፤ በዚያ መካከል ብዙው በርጥበት ይበሰብሳል። ጥቂቱን ቆፍሬ አየሁት፤ አብጦ ለስልሷል። ዘሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በቡና ማፍያው አጠገብ ማስቀመጥንም አሰብሁ፤ 300 ዘር ግን በዚያ መንገድ አይሆንም።

ሙቀት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ድሬዳዋ ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ ታላቅ እህቴም እዚያ ግቢ አላት።

ጥር 5

በሚኒባስ ወደ ድሬዳዋ ወረድሁ። የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ። እህቴ የዘር ሣጥኖቹን አይታ፣ «አንተ፣ ከሐረር ድረስ አፈር ተሸክመህ መጣህ?» አለችኝ፤ ወዲያው ግን ከማንጎው ሥር ለሣጥኖቹ ቦታ ጠረገችላቸው። ስድስት የእንጨት ሣጥን፣ 330 የቃሪያና 220 የቲማቲም ዘር አስቀምጬ፣ በጠዋትና በማታ በወንፊት እንድታጠጣልኝ ለምኜ ተመለስሁ። የትራንስፖርትና የሣጥን ወጪ 1,050 ብር።

ጥር 14 ላይ ደውላ ቲማቲሙ በስድስተኛው፣ ቃሪያው በዘጠነኛው ቀን መውጣቱን ነገረችኝ። በስልኩ ውስጥ የልጆቿ ድምፅና የማጠጫው ሹክሹክታ ይሰማ ነበር። እዚህ ያን ዕለት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው ያደረው።

የካቲት 8

ችግኞቹን ወደ ሐረር አመጣኋቸው፤ ትልቁን ስሕተትም የሠራሁት በዚህ ነው። ቲማቲሙ አንድ ስንዝር ደርሶ፣ ለስላሳና ብሩህ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ባየሁት ጊዜ መታገሥ አልቻልሁም፤ በመጣበት ማግሥት 80ውን በቀጥታ በታችኛው እርከን ላይ ተከልሁ።

በአምስተኛው ቀን የቅጠሎቹ ጀርባ ሐምራዊ ሆነ፤ ዕድገታቸውም ቆመ። ፍግ ጎድሎት መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን በሣጥን ውስጥ ያሉት፣ በዚያው አፈር፣ አልተለወጡም። ምክንያቱ ቅዝቃዜው ነው፤ አፈሩ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ፎስፈረስን መሳብ ያቅተዋል፤ ማዳበሪያ ቢጨመርለት እንኳ አይጠቀምበትም። በሙቀት ያደገ ቡቃያ ውሃ የበዛበት፣ ቆዳው የሳሳ ነው፤ ሳይላመድ ተራራ ላይ ሲወጣ ይደነግጣል።

የቀሩትን በሥርዓት አላመድኋቸው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በጥላ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ብቻ አወጣኋቸው፤ ከዚያ በየቀኑ አንድ ሰዓት ጨመርሁ፤ ውሃቸውን ቀነስሁ፤ በስምንተኛው ቀን ላስቲኩን ገልጬ አሳደርኋቸው። ግንዳቸው ሲወፍርና ቀለማቸው ሲጠቁር በዓይን ይታያል። ከተተከሉት 80 ውስጥ 23ቱ ሞተዋል፤ ሌሎቹ ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ ቀርተዋል።

የካቲት 20

ብርዱ ለቀቀ፤ አሁን የጎደለው ውሃ ነው። ነጩ ድንጋይ ካለበት ቦታ ጥላው 9 ሜትር ሸሽቷል፤ ሁለት ሰዓት ላይ መካከለኛው እርከን ሙሉ በሙሉ ፀሐይ ይመታዋል። ገለባውን ወደ መደቦቹ መለስሁት።

የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ ሐረር ከምትጠጣው ውሃ አብዛኛው ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች ተስቦ ዳገቱን የሚወጣ ነው፤ ስለዚህ በቧንቧ የሚመጣ ውሃ ለቡቃያ ማፍሰስ ኅሊና አይፈቅድም፤ በተራም ነው የሚመጣው። በበርሜል ያጠራቀምሁት የክረምት ዝናብ ውሃ ጥር 25 ላይ አለቀ። በአህያ የሚመጣ የምንጭ ውሃ አንዱ ጀሪካን 15 ብር ነው፤ በቀን 12 ጀሪካን 180 ብር ይሆናል። የዕቃ ማጠቢያውንና የእግር መታጠቢያውን ውሃም ሳሙና የሌለበትን እየለየሁ እወስዳለሁ። እያንዳንዱ ችግኝ በየሁለት ቀኑ አንድ የቆርቆሮ ጣሳ፣ ግንዱ ሥር ብቻ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይጠጣል።

በዚህ ወር ሰማዩን አብዝቼ አያለሁ። ከቀትር በኋላ በጋራ ሙለታ ተራራ በኩል ደመና ይቆማል፤ ይጠቁራል፤ ማታ ይበተናል። ኮኩ ዛፍ ግን ቅጠል ሳያወጣ አበባውን ፈንድቷል። በመደቡ ጫፍ ያለው ቅርንጫፍ ላይ 40 የሚሆን ሐምራዊ አበባ ቆጠርሁ፤ በአንዱ ውስጥ ንብ ገብታ እግሯ ቢጫ እስኪሆን ድረስ ተንከባለለች። ከኅዳር ወዲህ በዚህ ቦታ ላይ ያለ እኔ ድካም የመጣ የመጀመሪያው ነገር እርሱ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ቆሜ አየሁት።

የካቲት 29

ዘነበ ለማለት የሚያስደፍር አይደለም። ማታ ለ20 ደቂቃ ያህል ጠብታ ወርዶ አቧራውን አቦካው። በጣቴ ቆፍሬ ስለካው እርጥበቱ ሁለት ጣት እንኳ አልወረደም። ጎረቤቴ ማሽላቸውን አልዘሩም። እኔም ድንቹን አልተከልሁም፤ ዓምና እንዲህ ባለ ዝናብ ተታልዬ ተክዬ ቡቃያው ወጥቶ ደርቆብኛል።

ድንቹ ቡቡ የሚባለው፣ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ዝርያ ነው። ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ የዘር ድንች ረጅም ነጭ ጭራ ስለሚያወጣና በተከላ ጊዜ ስለሚሰበር፣ በቀርከሃ መደርደሪያ ላይ ቀጥታ ፀሐይ በማይነካው ብርሃን ውስጥ አንድ ረድፍ ብቻ አድርጌ ዘርግቼዋለሁ። አሁን እያንዳንዱ ሦስት አራት አጭር፣ ወፍራም፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ቡቃያ አለው። መጠበቅ ይችላሉ።

መጋቢት 13

በአቆጣጠራችን ዘመነ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው፤ ዝናቡ ግን ትናንት ማታ መጣ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በቆርቆሮው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንኳኳ፤ ከዚያ ሳያቋርጥ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ወረደ። ባትሪ ይዤ ወጥቼ በመካከለኛው እርከን ላይ ቆምሁ። የአፈሩ ሽታ እንደ ተቆላ ገብስ ነበር። ልብሴ እስኪረጥብ ድረስ አልገባሁም፤ ለአራት ወር ያህል ስጠብቀው የነበረ ነገር ነውና ከመስኮት ማየቱ አልበቃኝም።

ዛሬ ጠዋት እርጥበቱ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ወርዷል። ከአራት ሰዓት እስከ ማታ ድረስ 210 ቃሪያ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ 96 ቲማቲም በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተተከለ፤ ድንቹ በሦስት ቦይ ገብቷል፤ የኅዳሩ አመድም ከእርሱ ጋር። እስካሁን ያለው ወጪ፣ የውሃውን ጨምሮ፣ 9,240 ብር ደርሷል።

ነገር ግን ለብርዱ የከፈትሁት መውጫ ለጎርፍም መውጫ ሆኗል። በአንደኛው በር በኩል የወጣው ውሃ ከታችኛው እርከን አንድ መዳፍ የሚሆን ጥልቀት ያለው ቦይ ቆርጦ፣ ሦስት አራት አካፋ ያህል ጥቁር አፈር ከካቡ ውጭ አከማችቷል። መልሼ ብዘጋው በሚቀጥለው ኅዳር ያው ኩሬ ይጠብቀኛል። ነገ በሁለቱም በር ላይ የባሕር ዛፍ ችካል ጥቅጥቅ አድርጌ ተክዬ፣ የግራር ቅርንጫፍ በመካከሉ እሸርባለሁ፤ አፈሩን ያስቀራል፣ ውሃውንና አየሩን ያሳልፋል ብዬ አስባለሁ። ቁመቱ ከጉልበት በታች መሆን አለበት። የፈሰሰውን አፈር በጆንያ መልሼ አሁን አጠገቡ አስቀምጬዋለሁ።